አሻራህ አልተነበበም

«እንደገና» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፤
«አውራ ጣትህን ጫን፣ ጠበቅ አድርገህ፣ አትንቀል።»
ጫንኩ። ቀዩ መብራት በራ፣ ጠፋ፣
አሥሩም ጣቴ በየተራው ተገፋ።
ሃያ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ፣ ኖራ ሳቦካ
መስመሩን አራግፎ ኖሯል እጄ ለካ።
የፋሲል ግንብ ነው የበላው ጣቴን፣
ለየትኛው ቀበሌ ላቅርብ አቤቱታዬን?
«ዳር ተቀመጥ» አለች፣ «ላብህ ይድረቅ፣ ትንሽ ቆይተህ ሞክር።»

ተቀመጥኩ።
ያኔ በራልኝ ያ የአውቶፓርኮው ቪዲዮ ቤት፣
በሩ ቆርቆሮ፣ መጋረጃው ማዳበሪያ፣
ለቆመ ሃምሳ ሳንቲም፣ ለተቀመጠ አንድ ብር መግቢያ፤
አዛናው ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ፣
ስምንተኛ ክፍል ላይ ወድቆ የቀረ እንግሊዝኛውን አቅፎ።

ፊልሙ የአንድ ጸሐፊ ታሪክ ነበር፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት፤
አንድ ማታ ግድግዳ ተደግፎ ቢቆም
ክንዱ እስከ ክርኑ ሰመጠ፤ እርጎ ነው እንጂ ግንብ አይደለም።
ፈረንጁ አንድ ቃል ሲተነፍስ
አዛናው አሥር ይመልስ፦
«ስማ እንጂ ጃል! ይህ ከተማ ሥዕል ነው፤
ዳቦህ ሥዕል፣ ጥርስህ ሥዕል፤
ታዲያ የጠገበው ማነው?»
ሚስቱም እሱ፣ ገዳዩም እሱ፣ ማሽኑም እሱ፣
ሰባት ሰዎች ባንድ ጉሮሮ ሲነግሡ።

መብራት ሄደ።
ያ ሁሉ ከተማ፣ ያ ሁሉ ዝናብ፣ መሃል ላይ ተኮማትሮ
አንዲት ነጭ ነጥብ አከለ፣ ጠፋ፣ እንደ ምስጢር ተቀብሮ።
«ብራችንን!» የሚል ጩኸት ተነሣ፣
አዛናው ግን ወንበሩን አልረሳ፤
ያለ ማይክ፣ ያለ ምስል፣ በድቅድቁ ቀጠለልን፦
«ከዚያላችሁ በሩን ከፈተው። ወዲያ ማዶ ማን ቢኖር ጥሩ ነው?
ራሱ! ወንበር ላይ እንደተኛ፣ ጢሙ ደረቱን አልፎ።»
ቁንጫው ሲበላን እንኳ አላከክንም።
«ቀስቅሰው!» አለ አንዱ።
«ተው! እሱ ከነቃ አንተ የት ልትገባ?» አለ ሌላው።
አዛናው ሳል ሳል ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፣
«እንግዲህ እሱ ይወቀው» ብሎ የቆርቆሮውን በር ወለል አደረገ።

የዚያን ሌሊት በግንቡ ሥር ሳልፍ ግድግዳውን ዳሰስኩ፤
ጣቴ አልሰመጠም፤ ሳላምን ግን ቤት ደረስኩ።

ዘንድሮ ያንኑ ፊልም በፍላሽ አገኘሁት፤
በተኩስ አለቀ። በር የለ፣ ወንበር የለ፣ ጢማም የለ።
ዋናውን እያየሁ፣ ዋናውን «አስመሳይ» አልኩት።
አዛናው ዛሬ አዘዞ መንገድ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤
ጉሮሮው ታሞ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ በዓይኑ ብቻ ያወራል።
«ሰባቱ ሰዎች የት ገቡ?» ብዬ ብጠይቀው
ትከሻውን ሰበቀው።

አምና ክረምት ከአጥሩ አንድ ድንጋይ ወልቆ
በኔ መዶሻ ሌላ ተጠረበ፣ ቆመ በኔ ኖራ ተጣብቆ።
አስጎብኚው ለእንግዶቹ «አራት መቶ ዓመት!» ይላል፣
የኔኑ ድንጋይ መርጦ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል።
ድንጋዩ ዝም። እኔም ከመሰላሉ ላይ ዝም።
ኖራው ገና አልደረቀም።

«ና እስቲ፣ የግራህን ትንሿን ሞክራት።»
ሞከርኩ። አረንጓዴ በራ። ስም ወጣ፦
ቢያድግልህ።
ቢያድግልኝ ነበርኩ።
እናቴ ሦስት ቀብራ ለራሷ የለመነችኝ ልጅ
ባንድ ፊደል ለማላውቀው ሰው ተሰጠሁ።
ላስተካክል ብዬ ዞርኩ፤ ወረፋው እስከ አስፋልቱ፣
«መብራት ሳይሄድ ቶሎ በሉ!» ትላለች ልጅቱ።
«ቢያድግልህ!»
ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም አልተነሣም።
«አቤት» አልኩ።