የሰባት ቁጥር ቦታ

መሐል ሜዳ፣ ማታ፣ መሬት ጽሕፈት ቤት፣
ባና ተከናንቤ ከማሽኑ ፊት ለፊት፣
አሮጌውን መዝገብ ወደ አዲሱ ሳሻግር
ስሙም ማሳውም ገባ፤ አልገባም አለ ቁጥር።

ያሮጌው ቤት ደንብ እንዲህ ነበር፦
ቀበሌ በተለወጠ ቁጥር
ቆጠራው ከአንድ ይጀመር።
ደገኛው አንድ አለው፣ ቆለኛው አንድ አለው፣
ገደል ማዶ ያለም ከአንድ ነው የሚነሣው።
ማንም የማንም ጭራ አልነበረም።

አዲሱ ግን ቀበሌ የሚባል አያውቅም፤
በአንድ ገመድ አስሮ ወረዳውን ሲለቅም
የገደል ማዶዋን ወይዘሮ ወርቅያንጥፉን፣
ደብተር በታደለ ቀን ከሰው ሁሉ ቀድመው
አንድ የተባሉትን፣
አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስድስት አላቸው።
ሰረዝኩት።

ደግሞ በየቀበሌው ከፍዬ
እንደ አገባባቸው አሰልፌ
"ከፊት ጀምረህ ቁጠር" አልኩት።
ቆጠረ፤ አሳምሮ፣ ክፍተት ሳይተው።
ያኔ ነው የደነገጥኩት።
ሰባት ላይ ማንም የለም እኮ!
ሣህሉ ነበር ሰባት፤ ወራሽ ሳይተካ አለፈ፣
ማሳውን ጎርፍ ወሰደው፣ ስሙ ከመዝገብ ተገደፈ፤
አሁን ስምንት ወደ ሰባት፣ ዘጠኝ ወደ ስምንት፣
እንደ ለቅሶ ቤት አግዳሚ ተጠጋግተው ሞሉበት።

መብራት ጠፋ። እሰይ አልኩ።
በጨለማው ውስጥ የሰው ሳጥን ታየኝ፣
በሳጥኑ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር፣
ደብተሩ ላይ በእስክርቢቶ፦ ስምንት።
መዝገቡ ቢታረምስ ሳጥኑን ማን ያርማል?

መብራቱ ሲመለስ ቁጥሩን እንዳለ ተሸከምኩት፣
ሰባትንም ከነባዶነቱ።
ለሚመጣው ደግሞ፦ "ስንት ሰው አለ ብለህ አትጠይቅ፤
የመጨረሻው ስንት ነው በል፣ እሱ ላይ አንድ ጨምር፣
በየቀበሌው፣ ለየብቻ።"
ቀለሟ በአንደኛው መስኮት፣ እኔ በሁለተኛው
ባንድ ቅጽበት ብንጠይቅ፣ አርባ ሦስት ለሁለት ሰው
እንዳይወጣ በሩን ቆለፍኩ፤
አንዱ ጽፎ እስኪወጣ ሌላው ደጅ ይጥና።

ጠዋት ወንድይፍራው መጣ፣ ውርጭ በጫማው ይዞ፣
ደብተሩን ከላስቲክ አወጣ፣ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አስይዞ
"ስምንት?" አለኝ።
"ስምንት" አልኩት።
መልሶ ጠቀለለው። ወጣ።
በሩን እንኳ አልዘጋም፤ ብርዱ ገባ።