ግራዋ

በከባድ መኪና ከጅቡቲ መጣች፣
ለጨው ውሃ፣ ለማዕበል የተበጀች፣
ከኋላዋ ሁለት ሞተር ያነገበች።
አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ገፋፊው ሁሉ ቢላውን አስቀምጦ፣
«ይቺ'ኮ ለቀይ ባሕር ናት!» አለን አላግጦ።

ቀኙን ሞተር ሻላሞ ገዛ፣ ታላቄ፣ ባጃጁን ሸጠና፤
ግራውን እኔ፣ ዕቁቤ ወጣና።
አርባና አርባ ፈረስ አንድ ላይ ጋልበን፣
ከፍቅር ሐይቅ ዳር ጋዝ ሰጠናት፤
ገና ሳንጠግብ ሐይቁ አለቀብን።

የተጣላነው በስድስት ሊትር ቤንዚን ነው።
«ፈሰሰ» አለኝ። «ሸጥከው» አልኩት። ሌላ ምን አለው?
ሌሊት ብሎኑን ፈቶ የራሱን ይዞ ሄደ፤
ዝዋይ ላይ፣ አሉ፣ ከሌላ ጀልባ ተዛመደ።

አንዱ ሞተር ብቻውን ሲገፋት ወደ ቀኝ ታደላለች፤
እጄን ከመሪው ካነሳሁ ክብ ትሠራለች።
ቅዳሜ አንዲት ሙሽራ፣ ቬሏን በሁለት እጇ ይዛ፣
«ለምንድን ነው የምንዞረው?» ብትለኝ፣
«ጉማሬ ላሳይሽ» አልኩ፤ ውሸት ቀደመኝ።

ጉማሬም አልወጣ።

«በየትኛው ነው አሁን የምትሄደው?» ሲሉኝ
«በግራዋ» እላለሁ፤
ቅጠሉን ያኘክሁ ይመስል ምራቄን እተፋለሁ።

በቀኝ በኩል የቀሩትን አራት የብሎን ቀዳዳዎች
በሰም ደፍኛለሁ።
ጠዋት ጠዋት ደህና ነው።
ቀትር ላይ፣ ታቦር ሲግል፣ ሰሙ ይለሰልሳል፤
ውሃው በሻላሞ በኩል ገብቶ
እግሬ ሥር ይደርሳል።