ነጥብ ጄፒ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የጠፋው መብራት ሲመጣ፣
ትጓደድ ከባሕር ዳር ወደብ መንገድ ብቅ አለች፤ ቃል ከአፏ ሳይወጣ
በፌስታል የጠቀለለችውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፦ ክንድ የማትሞላ ታንኳ፣
ከደንገል ያሰረቻት፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ልክ፣ በራሷ ቋንቋ።

«ጃፓኖች ይወዷታል» አለች፤ «አንዷ ወስዳ ነበር፣
ሦስት ዓመት ሆነው፤ ዓሣ ልታጠና መጥታ፣ ስትዞር በዚህ ዳር።
አሁን ልጄ ትለኛለች፣ ከዚያው አገር ስም ይገዛል፤
በነሱ ምልክት ካለቀ፣ ሰዉ አምኖ ያዛል።»

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ ውል፣ ክስ፣ የውርስ አቤቱታ፣
አንዳንዴም ለሰው እጮኛ፣ በገጽ አሥር ብር፣ የፍቅር ሰላምታ።
ስም ግን ሸጬ አላውቅም። ስም እናት ናት የምታወጣው፤
ወይ ጎረቤት ነው በንዴት፣ ቅጽል አርጎ የሚያመጣው።
ኪራዩ በየዓመቱ የሚከፈል ስም እንዳለ
ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ካልከፈልክ ይወሰድብሃል፣
እንደ ቀበሌ ቤት፣ «ይልቀቅ» እየተባለ።

«ማን እንበለው?»
«ጣና።»
ጻፍኩት በላቲን። ያቺ ከምላስ ጫፍ ተፈናጥራ የምትወጣ የኛ ጣ፣
የሰው ፊደል ስትለብስ፣ ጥርሷ ወልቆ ወጣ።
ትርጉሙን ፈለግሁ በነሱ ቋንቋ፤ «መደርደሪያ» ይላል።
«ባሕራችን እዚያ መደርደሪያ ነው» አልኳት። ሳቀች። «ታዲያ ምን ይጎድላል?
እዚያ ቤት ታንኳዬ ምን ልትቀዝፍ፤ መደርደሪያ ላይ አይደል የምትውል!»

ቅጹን ያዝን። ስም፣ ስልክ። ቀጥሎ አንድ ሣጥን፣
በቀይ ኮከብ፦ የጃፓን አድራሻ። ዝም አልን ሁለታችን።
ነጥቧም ለካ ደጃፍ ትሻለች፣
ፖስተኛ የሚያንኳኳው በር። ትጓደድ እጇን አገላብጣ አየች።

«እዚህም የለኝም» አለች።
«ሆቴል ይሠራል ተብሎ ከዳሩ የተነሣን ጊዜ፣
የቤት ቁጥር አምጡ አሉን። ደንገል ቁጥር አያበቅል።
ካርታ ያለው ተካሰ፤ እኛ እስራችንን ተሸክመን ሄድን።
አሁን ያለሁት ከወፍጮው ጀርባ ነው።
ከወፍጮው ጀርባ ብለህ ጻፍ።»

አድራሻ የሚያከራዩም አሉ፣ በዶላር። ዋጋውን አይተን አለፍነው።
ሣጥኑ ውስጥ ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፤
የምታርፍበት ወደብ ያጣች ፋኖስ መሰለችኝ።

ያኔ ከመቀነቷ ካርድ ፈታች፣ ጠርዙን ውኃ የነካው፣
የዚያች የዓሣ ተመራማሪ፤ ስሟና ስልኳ ያለው።
«አሁን ብንደውል ነውር ይሆን? እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»
ግድግዳዬን አየሁ፦ ዘጠኝ። ስልኬን ነካሁ፣ የቶኪዮን ሊያሳየኝ፦
ዘጠኝ።
ፈረንጅ በገባ ቁጥር ስድስት ሰዓት እየደመረ፣
ሰዓታችንን እንደ ልጅ ስህተት እያረመ በኖረበት አገር፣
አንድ ሕዝብ ተገኘ፣ መርፌው ከመርፌያችን የገጠመ፤
የኛ ቀን፣ የነሱ ምሽት፣ ዘጠኙ ግን ከዘጠኛችን ጎን የቆመ።

ትጓደድ ድምፅ ቀዳች፣ በአማርኛ፣ አስተርጓሚ ሳትፈልግ፣
ማዶ ጀልባ ላይ ያለ ሰው እንደምትጠራ ጮኻ፦
«ቺዙኮ! እኔ ነኝ፣ ባለ ታንኳዋ።
እባክሽ፣ ደጅሽን አውሺኝ።»

ዓርብ ዝም። ቅዳሜ ዝም። እሑድ ቤቴ ዝግ ነው።
ሰኞ መልስ መጣ፤ ሰላምታ እንኳ የለው፣ ፎቶ ብቻ፦
የእንጨት መደርደሪያ፣ በላዩም ታንኳዋ፣ ቢጫ፣ ደርቃ፣ ለብቻ፤
ከሥሩ በደቃቅ አኃዝ፣ የፖስታ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር።

ሣጥኑን ሞላሁ። የአንድ ዓመት ኪራይ ከፈልን።
«በቃ፣ ስም አለሽ» አልኳት፣ ደረሰኙን እያተምኩ።
አልሰማችኝም። ፎቶውን በሁለት ጣቷ እያሰፋች
አፍንጫዋን ከስልኩ አስጠግታለች።
«የፊቱን ጫፍ አላልቼው ኖሯል» አለች፣ «እየው፣ ተፈቷል።
እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት እንግዳ ፊት ቆመ?
የሚቀጥለውን ደህና አድርጌ ነው የማጠብቀው።»