ያልተጠሩ

ቱርኩ ከተማ ውስጥ፣ ከአውራ ወንዝ ማዶ
(ስሙ አውራ ቢሆንም አፉን ይዘጋዋል፣ ክረምት በበረዶ)
ከዩኒቨርሲቲው ሥር አንድ ምድር ቤት አለ፤
መስኮት ያልወጣለት፣ ንጋትና ምሽትን ጉዳዬ ያላለ።

በሩ ላይ ወረቀት፦ «እዚህ ያለው ዕቃ ሁሉም የሁሉ ነው፤
ሰዓትህን መዝግብ፤ ዘይቱን ከሌንሱ፣ ስትወጣ አብሰው።»
የራይሊ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን በር ጠበቀች፤
ፕሮፌሰር አይደለች፤
በየጥናቱ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደላት፣ «ምስጋና ለራይሊ» እየተባለች፣
ስንቱን አስመርቃ እሷ እዚያው ቀረች።
ፓምፑ ሲያጣጥር ከኮሪደር ሰምታ፣
«ጉሮሮውን ይዞታል» ትላለች፣ ጆሮዋን ከብረቱ አስጠግታ።

ማይክሮስኮፑንና ፕሮቲን መዛኙን ሃያ ሦስት ቡድን ተካፍሎ ይኖራል፤
የልብ ሐኪሞቹ ጠዋቱን ይዘዋል፣
ከሰዓት በኋላው ለዓሣ አጥኚዋ ውሏል፤
ሰኞ የፈንገስ ነው።
ለተማሪ የሚተርፍ ሌሊቱ ብቻ ነው፤ በግማሽ ዋጋ ነው፤
ከስምንት እስከ አሥራ አንድ የቱካ ተራ ነው።

ስድስት ወር ሙሉ አንድ ፕሮቲን ሲያድን፣
ከታመመ ኩላሊት፣ ከጠብታ ሽንት፣ ሲያጣራ ሲመዝን፣
አንድ የጥር ሌሊት ማሽኑ ናሙናውን ዋጠ፤ ሰባበረ፤
ስብርባሪውን ሁሉ በባዶ ቱቦ ውስጥ ሽምጥ አስበረረ፤
ማን ቀድሞ ደረሰ፣ ማን ወደ ኋላ ቀረ፣ በክብደት ቆጠረ።

ሲነጋ
(ጥር ላይ ቱርኩ የሚነጋው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው)
ስክሪኑ ላይ አንድ ጫፍ፣ እንደ ካቴድራል ግንብ፣ ብቻውን የቆመ።
ቱካ ስሙን እንኳ አላነበበውም፤ ቁመቱን ብቻ አየና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ
«ራይሊ! ነይ እዪ! ማንም ያላየውን አገኘሁ!» አለ።

መነጽሯን አደረገች፤
አነበበች፤
ዝም አለች።
ከዚያ የለበሰውን ሹራብ እጅጌውን በሁለት ጣት ይዛ፦
«ይሄ ከምን ተሠራ?»
«ከሱፍ።»
«እንግዲያው በሽተኛህ በግ ነው» አለችው፣ ድምፅዋ ሳይበዛ።

ሳቋ አመለጣት፤ ፊቱን ስታይ ግን መለሰችው።
ከቁንጫ ገበያ በአራት ዩሮ የገዛው ሹራብ፣
የማን በግ እንደነበር እንኳ የማያውቀው፣
አንዲት ብናኝ ጥሎ ስድስት ወሩን በላው።

ራይሊ መሳቢያ ከፈተች፤ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች።
ሽፋኑ ላይ «ያልተጠሩ» ይላል።
አንድ ፕሮፌሰር የገዛ ጢሙን አግኝቷል፤
አንዷ የድመቷን ጠጉር፤
አንድ ክረምት ደግሞ በስድስት ቡድን ናሙና ውስጥ የአንድ ሰው ቆዳ፣
በአየር ማናፈሻው ሲዞር የከረመ እንግዳ።
«ምን ታደርገዋለህ?» አለችው። «ሁሉም የሁሉ ነው ብለን በሩ ላይ ጽፈን የለ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹራቡ ከበሩ ውጭ፣ ከሚስማር ላይ ዋለ።
ቱካ በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ እንደገና ሠራ።
በሁለተኛው ምንም አላገኘም።
በሦስተኛውም።

ሰኔ ላይ ራይሊ ጡረታ ወጣች።
ኬኩ ኮሪደር ላይ ተቆረሰ፤ ምግብ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ሕጉ የራሷ ነው።
በምትኳ የመጣው ልጅ ወረቀቱን ከበሩ አነሣው፤
ተራ አሁን በስልክ ነው።

መስከረም ላይ አንድ ጫፍ ተነሣ፤ ትንሽ፣ ከግርጌ።
የሰው ቆዳ።
ቱካ ሱፍ አልለበሰም፤ ጓንቱም አልተቀደደ።
ወደ ጫፎቹ ሣጥን ዞረ፤
ራይሊ በሚያዝያ በእጇ የሞላችው፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ቀን የጻፈችበት።
ማሽኑ ስም አያውቅም።
«ሰው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ከዝርዝሩ ሰረዘው፣ እንዳስተማረችው።
ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፈ፤
ከጎኑ ያለውን መስመር ባዶ ተወው።