የቅጠሉ ጀርባ

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ጉም አተሩን ታቅፎ አርፍዶ ሲመለስ፣
«ለምለም ነው» እያለ መንገደኛ ያልፋል፤
የአንጓች ጣት ግን ከቅጠል ጀርባ ያርፋል።
ከላይ ቢጫ ነጥብ፣ የምስር ክክ ታህል፤
ከታች ግን ግራጫ፣ ወይን ጠጅ ቅልቅል፣
የአይጥ ግልገል ጠጉር የመሰለ ሻጋታ
ተኝቷል፣ ፀሐይ በማትደርስበት ቦታ።

«መስከረም ይጠባል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፤
እግዜር ያበቀለውን ማን ደፍሮ ይነቅላል?»
አለ እንዳላማው፣ ዶማውን ተደግፎ፤
ሦስት ክረምት ሙሉ፣ የዳባት ገበያ ዋጋ ልቡን ነድፎት፣
አተር በአተር ላይ፣ አተር በአተር ላይ የዘራ ሰው።

አልተከራከረችም።
ጤዛው እስኪደርቅ ደጅ ተቀምጣ ጠበቀች፣
እርጥብ ቀሚስ በሽታ ካገዳ አገዳ ያደርሳል ብላ።
ከዚያ ወረደች፤ የጫጨውን፣ የተኮማተረውን
በቁና ለቅማ፣ ከማሳው አርቃ ቀበረች፤
ለጥጃ እንኳ አልሰጠችም።

ጎረቤት ከድንበር ማዶ ሳቀ፦
«ሰው አረም ይነቅላል፤
አንጓች ሰብሉን አርማ አረሙን ልትወቃ ነው!»

ኅዳር ላይ የተረፈው፣ ሳስቶ፣ ነፋስ እየገባው፣
ግማሽ ጎተራ እንኳ አልሞላ።
«መሬቱ አተርን ይርሳ» አለች፣ «ገብስ ይብላ፣ ስንዴ ይብላ።»
ዘሩንም ከሰው ማሳ፣ ከንጹሑ፣ ለውጣ አመጣች።

ዘንድሮ ነሐሴ፣ በሌላው ቁራሽ መሬት፣
እንዳላማው ግራ ቀኙን አየ፤
ማንም የለም ብሎ አጎነበሰ፣
አንዲት ቅጠል ገለበጠ።

እኔ ግን ነበርኩ፣ ከድንበሩ ማዶ፣
ያ የሳቀው ሰው፤
እጄ በራሴ አተር ላይ፣
ለመገልበጥ ፈርቶ።