የሌለውን መዞር

ሴቱባል ወደብ ዳር፣ ከሰርዲን ፋብሪካው፣
ሰዓት ይዤ ገባሁ ሥራውን ልለካው።
ሥራ አስኪያጁ አልሚሮ በር ላይ እንዳገኘኝ፣
«የሚፈሰውን ጊዜ ፈልገህ አሳየኝ፤
ቁጥር ብቻ አምጣልኝ፣ ወሬውን ተውልኝ፤»
አለና ነጭ ጋዋን፣ ጎማ ጫማ ሰጠኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ቆምኩ ግድግዳ ተደግፌ፣
የዘጠኝ ሴት እግር በወረቀት ጽፌ።
ጋሪ ከማብሰያው ወደ ማሸጊያው ይገፋል፣
ባዶው ይመለሳል፣ ሙሉው ይከተላል፣
የረገጡት ሁሉ በእርሳሴ ይሰመራል።
በሦስተኛው ማታ ስዕሉን ብዘረጋ፣
መስመር በመስመር ላይ፣ ድር ከድር ተጠጋግቶ፣
መሃሉ ላይ ግን አለ አንድ ነጭ ቀዳዳ፣
ማንም የማይረግጠው፣ ልክ እንደ ሰው ጓዳ።

ሄጄ አየሁት ቦታውን። ምንም የለበትም።
ምሰሶ የለበትም፣ ጉድጓድ የለበትም፣
ሲሚንቶው ደረቅ ነው፣ ውሃም አያቁርም።
እነሱ ግን ሲደርሱ ጋሪውን ያዞራሉ፣
አሥራ አራት እርምጃ ጨምረው ያልፋሉ።

አባዛሁት ቁጥሩን፦ በጋሪ፣ በቀኑ፣
በዘጠኙ ሴቶች፣ በዓመት ሥራ ዘመኑ፤
ከዚህ እስከ ፖርቶ ደርሶ መልስ በእግር፣
ለምርቃት ደግሞ ሰፈር ለሰፈር።
ልዋሽ? ደስ አለኝ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም፤
ከአንድ ወለል ይህን ያህል ጮማ ቆርጬ አላውቅም።

በነጋታው ዴሊንዳን፣ ታላቃቸውን፣ ጠየቅሁ፦
«ምን አለና እዚህ ጋ ትዞራላችሁ?»
ጋሪዋን አቆመች፣ ጓንቷን አወለቀች፣
ከጣቷ ላይ አንዲት የዓሣ ቅርፊት ፋቀች፣
«መኪና ነበራ፣ ልጄ ቴልሞ፣» አለች።
«ቆርቆሮ የሚያሽግ፣ ጥቁር፣ ጩኸታም ነው።
ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ብረት ነጋዴ ወሰደው።
አልበርቲናን ግን በዚያው ነው ያጣናት፤
የሽርጧን ማሰሪያ ይዞ፣ ማርሹ ጎተታት።
መኪናው ሲነሳ ቦታው ቀረ ለእሷ፤
ማንስ ጋሪ ይነዳ በአናቷ፣ በራሷ?»

ዝም አልኩ። ኪሴ ውስጥ ሰዓቴ ግን ይቆጥራል።
ሰዓት ነውር የለው።

«እነ ኢዛውራስ» አልኳት፣ «ያልነበሩት ያኔ?»
«ጀርባዬን አይተው ነው። የዞርኩት እኔ።»

ሪፖርቴን ስጽፍ ያቺን ገጽ ሦስቴ ቀደድኳት፤
«የሞተች ሴት» የሚል ዓምድ ከየት ላምጣላት?
ቅጹ ለምክንያት አራት ሳጥን አለው፦
ሥልጠና፣ ዕቃ፣ ቦታ፣ «ሌላ» የሚለው።
«ሌላ» ላይ እርሳሴን አሳርፌ አደርኩ፤
ምን ብዬ እንደምሞላው እንጃ፣ አላወቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ታዲያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣
ከማብሰያው ወጣች፣ ጋሪዋ ከፊቷ፣
ቀጥ ብላ ገባች ነጩ ቀዳዳ ውስጥ።
ዘጠኙም ቆሙ። እንፋሎቱ እንኳ የቆመ መሰለኝ።
መሃሉ ላይ ስትደርስ ለአፍታ አዘገመችና፣
«ሥራ ስናጓትት ስታይ አልበርቲና
እንዴት ነበር የምትሳደብ! አፏ መች ያርፋል!
ሃያ ሦስት ዓመት ስንዞራት ታዝባናለች፤»
ብላ ሳቀች። ገፋች። ከኋላዋ ኢዛውራ ገፋች።

አልሚሮ ቁጥሩን አይቶ እጁን አፋተገ፦
«በቀን አንድ ሰዓት ትርፍ! ካርቶን ይጨመር!»
ዴሊንዳ ግን ቢሮው ደጃፍ ላይ በጎማ ጫማዋ
ውሃ እያንጠባጠበች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣
«ሰዓቱ የእግራችን ነው፣ ለእግራችን ይመለስ፤»
አለችው። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ።
ለእያንዳንዷ ከደረሰው ሰባት ደቂቃ
ሦስቱ ለካርቶን ሆነ፣ አራቱ
በመስኮቱ ሥር ላለው አግዳሚ ወንበር።

እኔ ሂሳቤን ተቀብዬ የምሄድበት ማታ
ወለሉ ሲታጠብ ለመጨረሻ ጊዜ ቆምኩ።
የቀኑ የመጨረሻዋ ጋሪ፣ ባዶዋ፣
በዴሊንዳ እጅ፣ ማንም ሳይቸኩላት፣
እዚያ ቦታ ስትደርስ ዘንበል አለች፣ ዞረች።

አሥራ አራት እርምጃ።
ቆጠርኳቸው፣ ልማድ ነው።
መዝገቡ ግን ተዘግቶ ብብቴ ውስጥ ነበር።