የቁራጭ ማኅደር

መብራት ሄዷል። ከጎረቤት ሆቴል ጄኔሬተር ያጓራል፣
የኔ ላፕቶፕ ለነፍሱ ሠላሳ ሁለት ፐርሰንት ቀርቶታል።
መስኮቱን ስከፍተው ጣና በጨለማ ይተነፍሳል፣
የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታውን እስከ ጠረጴዛዬ ይልካል።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ የአስጋሪዎች ማኅበር ሒሳቡን ሊያይ ቀጥሯል፣
ሊቀመንበሩ አቶ ይርዳው «ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ» ብሎኛል።
እኔ ግን ከባዶ አልጀምርም፤ ልማዴም አይደል፣ አቅሜም፤
«ቁራጭ» የሚል ማኅደር አለኝ፤ ደሞዜም እሱ ነው፣ ስሜም።
አሥራ አንድ ዓመት ከዲስክ ወደ ዲስክ ያሻገርኩት፣
ከዚህ አምስት መስመር፣ ከዚያ ሦስት እየቆነጠርኩ ያኖርኩት፣
አንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም ያልገባኝ፣
ግን በችግሬ ቀን ስጠራው አቤት ያለኝ።

ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ አንድ የሚያደርግ አለ፣
«ኃይሉ» የተባለው «ሀይሉ» ሲባል ጠፍቶ እንዳይቀር እንደዋለለ።
የኔታ ቢያዩት ያዝናሉ፤ እኔም አፈርኩ መጀመሪያ፣
ኋላ ግን ስንቱን ሰው አገኘሁበት፣ ሆነኝ የጠፋ መፈለጊያ።
ሰዓት የሚያስታርቅ አለ፦ ማሽኑ ሰባት ሲል እኛን አንድ የሚያሰኝ፣
ስልክ ቁጥር የሚያጠራም አለ፣
ከፖሊ ጊዮርጊስ በባጃጅ ስሄድ የጻፍኩት፣ አቧራ እያለበሰኝ።

ከሁሉ ግን ቀን ቆጣሪው። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ የሚመልስ፤
አናቱ ላይ አንዲት ማስታወሻ፣ ማሽኑ የማያነባት፣ ለሰው ብቻ የምትደርስ፦
«ጳጉሜ ስድስትን አትርሳ። ዘግይታ ትመጣለች እንጂ አትቀርም። — ው.»

ው. ውባለም ናት። ላብራቶሪ ሦስት፣ የኋላ ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ሎሚ እየመጠጠች የምትሠራ፣ ስትሳሳት ለራሷ የምታጉረመርም ነበር።
በፍላሽ ሰጠችኝ፤ ፍላሹ እኔው ጋ ቀረ።
«ያንቺ ነው?» ብላት ሳቀች፤ «ከአንዱ ልጅ ነው፤ ስሙ ከአፌ ተሰወረ።»
ዛሬ የት ናት? ፍኖተ ሰላም ባንክ ገባች ያለኝ አለ፣
ደብረ ታቦር ዳቦ ቤት ከፍታለች ብሎም የማለ።

ዛሬ ከሰዓት ወደብ ዳር አወል ታንኳውን ሲያፈርስ ደረስኩ፣
ውሃ ጠጥታ ከብዳ፣ ጎኗ ጠቁሮ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።
ደንገሉን ለፀሐይ ጣለው፤ ገመዱን ግን ፈታ፣
በጥርሱም በጥፍሩም፣ አንዳንዴ እየተሳደበ፣ ግን በእርጋታ።
«አዲስ አይሻልም?» አልኩት።
«አዲሱ ውሃውን አያውቀውም» አለና ቋጠሮውን ነከሰ፣
«ይኼ ከአማቼ ታንኳ የተፈታ ነው፤ እሱ ጋም ከሌላ ታንኳ የደረሰ።»

አሁን ሒሳቡ አልገጥም አለ። አሥራ ስምንት ኪሎ ቆረሶ ጠፍቷል፤
የጥላዬ ዓሣ ተመዝኗል፣ ተሽጧል፣ ተፈርሞበታል፣
ማሽኑ ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ፊቱን አዙሯል።
ቀኑን አየሁት።
ጳጉሜ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት።

አምና ብልጥ ሆኜ፣ ላሳጥረው ብዬ፣ አንዲት መስመር ቆርጬ ነበር፣
ትርፍ መስላኝ። በገዛ እጄ። ማስታወሻዋን እያነበብኩ፣ ወይ ነገር!

አሮጌውን ዲስክ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ እንደ ሽማግሌ አቃስቶ ነቃ፤
መስመሯ እዚያው ናት። መለስኳት። አሥራ ስምንት ኪሎ ዓሣ
ውሃው እየተንጠባጠበ ከተፍ አለ በቃ።

ባትሪው ሦስት ይላል።
ከው. ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ረስቼ ነበር።»
ስሜን ልጽፍ ስል
ጠፋ።